ኩርፊያችንን የፈታች ሁለት ግራም የማትሞላ መንጠቆ

«ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከነጓደኛህ በር ላይ ጠብቁኝ፤ ባስ ልንይዝ ነው» አሉኝ ጋሼ በስልክ።

ሳቄ መጣ። መቼም አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ባስ መያዝ» ሲባል ፊቱ ድቅን የሚልበት ሰልፍና ግፊያ ነው። «ጋሼ፣ የራስዎ ታክሲ እያለ ምን ባስ ያስይዘናል?» ብላቸው እሳቸውም ስቀው «አንተ ልጅ፣ ዓሣ ነው የምልህ! ባስ የሚባል ዓሣ አለ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ውድ አንባብያን፣ እኔ የምኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ ጥግ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ለዚህ ዓምድ እሞነጫጭራለሁ። ዓሣ የማውቀው ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ሰሐን ላይ ሲመጣ ብቻ ነው። «ታዲያ ዛሬ ስለ ዓሣ ማጥመድ ምን አስጻፈህ?» ትሉኝ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው፤ የቅርብ ጓደኛዬን ላጣው ነበር። መልሼ ያገኘሁት ወንዝ ዳር ነው። እንዴት? ቀስ ብዬ ላጫውታችሁ።

ዘጠኝ ቀን የያዝኩት መርዶ

እኔና ጓደኛዬ አንድ አፓርታማ ተጋርተን መኖር ከጀመርን አራት ዓመት ሆኖናል። የሐዋሳ ልጅ ነው። ማታ ይሠራል፣ ቀን ይማራል፣ መሐል ላይ ከተሳካለት ይተኛል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና አላለቀለትም። ይህ ምን ማለት መሰላችሁ? አገር ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎ ነገር የለም፤ ከወጣ ማመልከቻውን ትቶ እንደሄደ ይቆጠርበታል። ደስታም ይሁን ሐዘን በስልክ ነው።

ባለፈው የዘመን መለወጫ፣ አዲሱ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከሐዋሳ ተደወለ። የደወለችው እህቱ ናት፤ የደወለችው ግን ለሱ ሳይሆን ለኔ ነው። እናታቸው አርፈዋል። «እባክህ ወንድሜ፣ ብቻውን እንዳይሰማ! በዓሉ ይለፍና ሰው ሰብስባችሁ አርዱት» አለችኝ ሳግ እየተናነቃት። እሺ አልኩ። እናንተስ ብትሆኑ ሌላ ምን ትሉ ነበር?

በዚህ ዓይነት ዘጠኝ ቀን ያዝኩት። ዘጠኝ ቀን አብሬው ቁርስ በላሁ፣ ቀለድኩ፣ ኳስ አየሁ። የእንቁጣጣሽ ዕለት ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደኔ ዞሮ «እማዬን እንኳን አደረሰሽ ልላት ብል አታነሳም እኮ» አለኝ።

«ኔትወርክ ይሆናል፤ ሰሞኑን አስቸግሯል» አልኩት።

ይህቺን ዓረፍተ ነገር እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳትም። እሱም አልረሳትም።

እሑድ ማለዳ መርዶው በወጉ ተነገረ። ሽማግሌዎች መጡ፣ እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፣ ቤቱ በልቅሶ ተናወጠ። እሱ ግን ጠብ የምትል እንባ አላወጣም። ሰዉን ሁሉ አልፎ እኔን አየኝና «መቼ ነው ያወቅኸው?» አለኝ። ነገርኩት። «ኔትወርክ ነው አልከኝ እኮ!» አለ። በቃ። ከዚያ ወዲያ አምስት ሳምንት ሙሉ አፉን አልከፈተልኝም።

የተኳረፈ ሰው አንድ ቤት ውስጥ ሲኖር ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። የኪራይ ድርሻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። እኔ ወጥ ቤት ስገባ እሱ ይወጣል። ይህስ ይሁን፤ የከፋው ሌላ ነው። ትምህርቱን ተወ። ምግብ ቀነሰ። ሌሊት በግድግዳው በኩል ሲገላበጥ እሰማዋለሁ። ሐዘኑ ውስጡ ቀርቶ ሰውየውን እየበላው ነበር። እኔም ፈራሁ። በእውነት ፈራሁ።

ይቅርታ ጠየቅሁ። ሽማግሌ ላክሁ። «እህትህ እኮ ናት እንዲህ አድርግ ያለችኝ!» ብዬ አንድ ቀን እንዲያውም ጮህኩበት። በጎተትኩት ቁጥር ራቀኝ።

ጋሼ ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚህ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። ለቅሶ ሲደርሱ አይተውታል። እሳቸው ምክር አልሰጡትም፤ «የሐዋሳ ልጅ ነህ አሉ፤ እንግዲያው ዓሣ ታውቃለህ» ብቻ ነው ያሉት። ለሱም ለየብቻው ደውለውለት ኖሯል። ትልቅ ሰው እምቢ ማለት ስላልሆነለት ወጣ። በር ላይ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠን ጉዞ ተጀመረ።

ዓሣውም እንደኛ መጤ ነው

የሄድነው ሴኔካ ወደሚባል የፖቶማክ ወንዝ ዳርቻ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ አርባ ደቂቃ ግድም ቢሆን ነው። ጓደኛዬ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ያያል። ጋሼ ግን ሬዲዮውን ዘግተው ያወራሉ።

«ይሄ ባስ የምትሉት ዓሣ የፖቶማክ ተወላጅ መሰላችሁ? መጤ ነው! እንደኛው!» አሉ።

ነገሩ እውነት ነው። ስሞልማውዝ የሚባለው፣ እኛ አፈ ትንሹ ልንለው የምንችለው የባስ ዓይነት ድሮ ፖቶማክ ውስጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1854 ዊልያም ሽራይቨር የተባለ ሰው ጥቂት ባሶችን ከዊሊንግ ከተማ በባቡር፣ ያውም በሞተሩ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ አድርጎ አመጣና ከምበርላንድ ላይ ወንዙን ተከትሎ በተቆፈረው የጀልባ ቦይ ውስጥ ለቀቃቸው። ከዚያ ወደ ወንዙ ወጡ፣ ተዋለዱ፣ አገሩን አገራቸው አደረጉት። ዛሬ ከግሬት ፎልስ ፏፏቴ በላይ ባለው የፖቶማክ ክፍል ዓሣ አጥማጁ በዋናነት የሚፈልገው እሱን ነው። ከዋሽንግተን በታች፣ የባሕር ሞገድ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ክፍል ደግሞ ላርጅማውዝ የሚባለው አፈ ሰፊው ወንድሙ ይበዛል።

«በባቡር መጣ፤ ያለ ቪዛ!» ብለው ጋሼ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከፊት መቀመጫ ድምፅ የለም።

አባ ኮዳ በሣጥን ውስጥ

ወንዙ ጋ ስንደርስ ገና እየነጋ ነው። ጥቅምት ስለነበር ዛፉ ሁሉ ቢጫና ቀይ ሆኗል፤ ውሃው ጎድሎ ድንጋዩ እስኪቆጠር ጠርቷል። ጋሼ የመኪናቸው ኮፈን ላይ አንዲት የፕላስቲክ ሣጥን ከፈቱ። ውስጧ በየክፍሉ ጥቃቅን መንጠቆዎች ተደርድረዋል። «ጂግ ይባላሉ» አሉ።

ጂግ ማለት ሌላ ምሥጢር የለውም፤ አንገቱ ላይ ትንሽ የእርሳስ ጭንቅላት የተቀረጸበት መንጠቆ ነው። እርሳሱ ይሰምጥበታል፣ ጅራቱ ላይ የታሰረው ላባ ወይም ለስላሳ ፕላስቲክ ደግሞ ውሃ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ትንሽ ዓሣ ወይም የወንዝ ተባይ ይመስላል። ብዙ ባስ አጥማጅ አሥር፣ አሥራ አራት ግራም የሚመዝን ከባድ ጂግ ይወረውራል። ጋሼ ያወጧት ግን የአውንስ አንድ አሥራ ስድስተኛ ናት፤ ሁለት ግራም አትሞላም። ከአንድ እንክብል ስኳር ግማሽ በሉት! መዳፌ ላይ ሲያስቀምጧት ያለች አይመስልም። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እፍ ቢሏት የምትርገፈገፍ ላባ አላት።

«ይቺ ላባ ማራቡ ትባላለች» አሉ ጋሼ።

ያኔ ነው ጓደኛዬ ከአምስት ሳምንት በኋላ እኔ ባለሁበት ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው። «ማራቡ? አባ ኮዳ እኮ ነው!»

ሐዋሳ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። አሞራ ገደል፣ ዓሣ አጥማጆቹ ከሐይቁ መልስ ዓሣቸውን በሚያራግፉበት ቦታ፣ እንደ ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብስበው፣ አንገታቸው ላይ ከረጢት አንጠልጥለው ትርፍራፊ የሚጠብቁ ትልልቅ ወፎች አሉ። አባ ኮዳ የምንላቸው። ፈረንጁ ማራቡ ነው የሚላቸው። ለካ ይህ የጂግ ላባ ስሙን ያገኘው ድሮ ከዚያ ወፍ ለስላሳ ላባ ይሠራ ስለነበር ኖሯል! ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው ከቱርክ ዶሮ ላባ ነው፤ ስሙ ግን እዚያው ቀርቷል።

ጓደኛዬ ጂጓን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አገላበጣት። ምንም አልጨመረም። ግን ዘንጉን ራሱ አነሳ።

ቀላሉ ነገር ለምን ይበልጣል?

እኔ ሞኙ «ከባዱ አይሻልም ወይ ጋሼ? ሩቅ ይሄዳል» አልኩ።

«ይሄዳል። ግን እንዲህ ውሃው ሲጠራና ሲጎድል ዓሣው ሁሉን ያያል፣ ይጠራጠራል። ከባድ ነገር ጧ ብሎ አናቱ ላይ ሲወድቅበት ይበረግጋል። ከባዱ ቶሎ ይሰምጥና ድንጋይ ስር ይወተፋል። ቀላሏ ግን ቀስ ብላ ትወርዳለች፤ ዓሣው አይቶ፣ አስቦ፣ መጥቶ ለመጉረስ ጊዜ ያገኛል» አሉኝ።

ከዚያ አሠራሩን አሳዩን። እናንተም አንድ ቀን ዕድሉ ቢገጥማችሁ እንዲህ ነው፦

ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ዘንግ፣ እሱም ላይ ቀጭን ክር፤ ስድስት ፓውንድ የሚችል ይበቃል። ወፍራም ክር ከሆነ ቀላሏ ጂግ አትወረወርም፣ ዓሣውም ክሩን ያያል። ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፤ ደረቅ ክር ሲጠብቅ በፍትጊያው ይሞቅና ይደክማል። ከዚያ ከወራጁ ወደ ላይ ሰያፍ ወርውሩና ወራጁ ራሱ ይዟት ይምጣ። እናንተ የምታደርጉት ክሩን መከተል ብቻ ነው። በጣም ከወጠራችሁት ጂጓ አትወርድም፤ በጣም ካላላችሁት ሲነካ አይሰማችሁም። ባስ ብዙ ጊዜ የሚጎርሳት እየወረደች ሳለ ነው። «ቲክ» የምትል ነገር በክሩ ትመጣለች፣ ወይም ክሩ ያለ ምክንያት ቀጥ ይላል፤ አንዳንዴም ወደ ጎን ይሄዳል። ያን ጊዜ ዘንጉን ቀና ማድረግ ነው። መመንጨቅ የለም!

ይህቺ የመጨረሻዋ ትእዛዝ ለኔ አልሆነችም። ሁለተኛ ውርወራዬ ላይ ቲክ አለችኝ፤ እኔም እንደ ቄራ በሬ ጎተትኩ። ክሩ ጧ! ዓሣውም ጂጓም ሄዱ።

«ቀጭን ክር ይዘህ በጉልበት አይሆንም ልጄ» አሉ ጋሼ ሌላ እየቋጠሩልኝ። «ሲሄድ ልቀቅለት። ሲቆም ጠቅልል። ሲመጣ ተቀበለው። ሌላ የለውም።»

ይህን ሲሉ ወደኔ ሳይሆን ወደ ወንዙ እያዩ ነው። እኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

ያለቀሰበት ድንጋይ

ሦስት ሰዓት ላይ የጓደኛዬ ዘንግ ጎበጠ። የሐዋሳ ልጅ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። አልተደናገጠም፤ ዓሣው ሲሮጥ ክሩን ይለቅለታል፣ ሲደክመው ይጠቀልላል። ባሱ ከውሃው ዘሎ ወጣና ጭንቅላቱን አራገፈ፤ ነሐስ የመሰለ ሰውነት፣ ቀይ ዓይን። እንደገና ዘለለ። ጋሼ እጃቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው (ደረቅ እጅ የዓሣውን መከላከያ ልጋግ ይገፈዋል) በታችኛው መንጋጋው ይዘው አወጡት። ከክርን እስከ መዳፍ ይሆናል። መንጠቆዋን ነቀል አድርገው ለጓደኛዬ ሰጡት። እሱም ወራጁ ላይ ይዞት ቆየና ለቀቀው። ዓሣው ጭራውን አንዴ መትቶ ጠፋ።

ጓደኛዬ እጁን ውሃው ውስጥ እንዳደረገ ቀረ። ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። «እማዬ» አለ። አምስት ሳምንት የታመቀው ልቅሶ እዚያ ድንጋይ ላይ ወረደ።

እኔ ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። ልይዘው፣ «አይዞህ፣ በቃ፣ ወንድ ልጅ» ልለው። ጋሼ በእጃቸው ምልክት አስቆሙኝ። ቁጭ በል አሉኝ። አጠገቡ፣ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ምንም አላልኩም። ዝም ማለት እንዲህ ከባድ ሥራ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ ወደ ውሃው እያየ «ቀብሯን በስልክ ማየት እችል ነበር» አለኝ። «እህቴ ስልኳን ይዛልኝ ትቆም ነበር። ቢያንስ አፈሩ ሲመለስ አይ ነበር። እናንተ ሁላችሁ አውቃችሁ እኔ እንቁጣጣሽ እየደወልኩላት ነበር።»

ቁጣው ስለ ወጉ አልነበረም ለካ! እስከዚያች ሰዓት ድረስ እኔ የተከራከርኩት «ወጉ እንዲህ ነው፣ እህትህ ናት ያለችኝ» እያልኩ ነበር። ያን ቀን ግን ሌላ ቃል ከአፌ ወጣ። «እህትህን ምክንያት አደረግሁ እንጂ እኔ ፈርቼ ነው። ፊትህ ሲለወጥ ማየት ፈርቼ ነው ኔትወርክ ያልኩህ» አልኩት።

መልስ አልሰጠኝም። ትንሽ ቆይቶ ግን ስለ አባ ኮዳ አወራኝ። ልጅ ሳለ እናቱ ዓሣ እንዲገዛ አሞራ ገደል ይልኩታል። አንድ ቀን ገዝቶ ሲመለስ አንዱ አባ ኮዳ ዓሣውን መንትፎት በረረ። ግርፊያ ፈርቶ «ዓሣ አልቋል አሉኝ» ብሎ ዋሻቸው። እናቱ ዝም ብለው ሰሙት። ማታ እራት ላይ «ለመሆኑ አባ ኮዳው ጠገበ?» ብለው ጠየቁት። ሠፈርተኛው አይቶ ነግሯቸው ኖሯል! ይህን ሲነግረኝ እያለቀሰም እየሳቀም ነበር።

ከዚያ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ «ገና አልተውኩልህም» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩ። «ቡና ይዛችኋል?» አለ። ጋሼ ፔርሙሳቸውን ከፈቱ።

ለእናንተ

ውድ አንባብያን፣ ኩርፊያ በአንድ ጀምበር አይፈታም። የኛም ወራት ፈጅቷል። ግን ከጥር ጀምሮ ጓደኛዬ ትምህርቱን ቀጥሏል፤ ቅዳሜ ከሥራ ነፃ ስንሆን ሦስታችንም ወንዝ እንወርዳለን። እሱ ሁልጊዜ ይበልጠኛል። እኔ አሁንም አልፎ አልፎ እመነጭቃለሁ።

ሁለት ነገር ብቻ ልምከራችሁ። አንደኛው ስለ መርዶ ነው። ሰው ሰብስቦ ማርዳት ደግ ወግ ነው፤ ሰውን ብቻውን አይጥልም። ነገር ግን ወጉ የወጣው ስልክ በኪስ ባልነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ቀብሩን በዓይኑ ማየት የሚችልበት ዕድል አለው። ስለዚህ ወንድማችሁን፣ እህታችሁን፣ አብሯችሁ የሚኖረውን ጓደኛችሁን ዛሬውኑ፣ ሁሉም ሰላም ሳለ ጠይቁት፦ «ክፉ ነገር ቢመጣ እንዴት እንዲነገርህ ትፈልጋለህ? ወዲያው ነው? ሰው ባለበት ነው?» ጥያቄው ይከብዳል፤ ዘጠኝ ቀን መዋሸት ግን ይበልጥ ይከብዳል። የተቆጣባችሁን ሰው ደግሞ በሽማግሌ ጋጋታ አትጎትቱት። አጠገቡ ተቀመጡ፤ ሲሄድ ልቀቁለት፣ ሲመጣ ተቀበሉት።

ሁለተኛው፣ በዚህ በዋሽንግተን አካባቢ ሆናችሁ እጃችሁን ልትሞክሩ ለምትፈልጉ ነው። መጀመሪያ የማጥመጃ ፈቃድ አውጡ፤ በስልክ ይወጣል። ውሃው ውስጥ አትግቡ፤ በተለይ ከግሬት ፎልስ በታች ያለው ፖቶማክ ላይ ላዩን የተኛ መስሎ ከሥሩ ሰው የሚወስድ ነው። እርሳስ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ሳትታጠቡ አትብሉ። ከወንዙ የያዛችሁትን ልትበሉ ካሰባችሁም የሜሪላንድ መንግሥት ከየትኛው ዓሣ በወር ስንት ጊዜ መብላት እንደሚገባ ያወጣውን መመሪያ አስቀድማችሁ እዩ። በጸደይ ደግሞ ጎጆው ላይ የቆመ ባስ ካያችሁ እለፉት፤ አባትየው ነው፣ እንቁላሉን የሚጠብቀው እሱ ነው። እሱን ካነሳችሁት ሌሎች ዓሦች ልጆቹን ይጨርሷቸዋል።

ጋሼ ያቺን የመጀመሪያዋን ጥቁር ጂግ ለጓደኛዬ ሰጥተውታል። አሁን አያጠምድባትም። ከእናቱ ፎቶግራፍ ጎን መስታወቱ ጠርዝ ላይ ሰክቷታል።

ቸር ይግጠመን!